የራሳችንን ግብ እንደ ታካሚ ግብ ብንጽፈውስ?

የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲቃረብ በኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታካሚዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን ራሳቸው መሥራት እንዲችሉ የሚያሠለጥን የማገገሚያ ሙያ) ክፍላችን ያለን ባለሙያዎች ሁሉ አንድ ቅጽ እንሞላለን። «የሙያ ማሻሻያ ግብ» የሚል ዓምድ አለው፤ ከጎኑ «የማጠናቀቂያ ጊዜ»፣ ቀጥሎ «ማስረጃ»። የጀማሪ ባለሙያዎችን ቅጽ ተቀብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ይህን ገጠመኝ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እዚያ ላይ ያየሁት ነው።

አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ባመጣችው ቅጽ ላይ ሦስት ግቦች ሰፍረዋል፦ ስለ ስትሮክ ማገገሚያ ያላትን ዕውቀት ማሳደግ፣ ከታካሚዎች ጋር ያላትን ግንኙነት ማሻሻል፣ በሁለት ሥልጠናዎች መሳተፍ። ማስረጃው ሰርተፍኬት ነው። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ በሰዓቱ ቀርቧል። እንዲህ ያለ ቅጽ በብዙ የሥራ ቦታ ወዲያው ተፈርሞበት ወደ ፋይል ይገባል።

እኔ ግን ያን ዕለት ጠዋት የአንድ ታካሚዋን ካርድ ሳነብ ነበር። እዚያ የጻፈችው ግብ እንዲህ ይላል፦ «ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በቃል ማስታወሻ ብቻ፣ ፊት ለፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይለብሳሉ።» ማን፣ ምን፣ በምን ሁኔታ፣ በምን ያህል እገዛ፣ በስንት ጊዜ፤ አንድም የጎደለ የለም። «የአለባበስ ችሎታን ማሻሻል» የሚል ግብ በታካሚ ካርድ ላይ ብታገኝ ራሷ ሰርዛ እንደ አዲስ ትጽፈዋለች። ለራሷ ሲሆን ግን ያንኑ ዓይነት ግብ ሦስት ጊዜ ጻፈች። ይህ የእሷ ብቻ አይደለም። ለሰው ግብ በማውጣት የምንተዳደር ሰዎች፣ ወደ ራሳችን ስንመለስ ያን ሁሉ ጥበብ የት እንደምናደርሰው ሁሌ ይገርመኛል፤ ያሳዝነኛልም።

ቅጹን መለስኩላትና «መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ አብሬሽ ልቀመጥ። ግቡን ከዚያ በኋላ እንጽፈዋለን» አልኳት። ደስ ብሏት ተስማማች።

ታካሚው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ስትሮኩ ግራ እጃቸውን አድክሞታል። ሸሚዙን ውስጡን ወደ ላይ አድርጋ ጭናቸው ላይ ዘረጋችላቸው፤ የግራው እጅጌ በጉልበቶቻቸው መካከል ወረደ። በመልበስ ጊዜ የደከመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ በማውለቅ ጊዜ ጤነኛው ቀድሞ ይወጣል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ተምረውታል። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንሥተው አስገቡ፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ሲደርስ ተያዘ። ክርኑን ሳያልፍ ደግሞ ወደ ትከሻ አይወጣም። ቀኝ እጃቸው ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ዓይናቸው ከእጅጌው አልተነሣም፤ አውራ ጣታቸው የጨርቁን ጠርዝ እየፈለገ ነበር። በዚህ መሐል «ጋሼ፣ ቆይ ላግዝዎት» አለችና አንዴ ሳብ አድርጋ አሳለፈችው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተመለሰ።

ቁልፎቹም ላይ እንዲሁ ሆነ። ከታች መጀመር ለማየትም ግራና ቀኙን ለማስተካከልም ስለሚቀል ከታች ጀመሩ። የመጀመሪያውን ራሳቸው ቆለፉ። ሁለተኛው ከቀዳዳው አፍ ላይ ሲንሸራተት የእሷ ጣቶች ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቁልፎች አልሞከሯቸውም፤ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ደረታቸውን ሰጧት።

ካርዱ ላይ «በመጠነኛ የአካል እገዛ ለበሱ» ተብሎ ተጻፈ። ቀደም ያሉትን ገጾች ገለጥኩ፤ የእጃቸው እንቅስቃሴ መሻሻሉ በምርመራ ተመዝግቧል፣ የአለባበሱ እገዛ ግን ያው መጠነኛ እንደሆነ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በሙያችን «የእገዛ መጠን» ብለን የምንጽፋት አንዲት መስመር ብዙ ነገር ትወስናለች። ታካሚው መቼ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ቤት ሲገባ ማን አብሮት ይዋል፣ ቤተሰቡ ምን ያህል እንዲያግዝ ይማር የሚለው ሁሉ ከእሷ ይነሣል። እዚህ ግን የተመዘገበው እሳቸው የሚያስፈልጋቸው እገዛ ሳይሆን የተሰጣቸው እገዛ ነው። ልጆቻቸውም መጥተው የሚማሩት ያንኑ ሊሆን ነው።

ሲያበቃ ቁጭ አልንና «እጅጌው ክርናቸው ላይ ሲያዝ ምን አሰብሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳትሸሽግ ነገረችኝ። ቀጣዩ ታካሚ ደርሶ ነበር፤ ደግሞም ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት አይሆንላትም። ቀስ በቀስ እገዛ ስለመስጠት ጠየቅኳት፤ መጀመሪያ ጊዜ መስጠት፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ ምልክት ወይም ማሳየት፣ እጅ በመጨረሻ፤ አንዱንም ሳታዛንፍ ዘረዘረችልኝ።

እንግዲህ «ዕውቀት ማሳደግ» የሚለው ግብ ምኑን ሊያስተካክል ነው? የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። በሥራ ላይ የምናየው ጉድለት ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም። አንዳንዱ ባለማወቅ ነው፤ ለእሱ ሥልጠና መድኃኒቱ ነው። አንዳንዱ እያወቁ በሥራው ቅጽበት ባለማድረግ ነው፤ ለእሱ የሚያይ ዓይን፣ ልምምድና አስተያየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ የአሠራር ነው፤ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ትንፋሽ ካልሰጠ ጎበዙም ይቸኩላል። ባልደረባዬ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተደርበው ነበር። ሁለቱን ሥልጠናዎች ብትወስድና ሰርተፍኬቶቹን ብታመጣ የሰውየው እጅጌ ክርናቸው ላይ ሲያዝ ያው እጇ ይቀድም ነበር። ግብ ሲጻፍ ከሁሉ በፊት ጉድለቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ግቡን የጻፍነው ከታካሚ ካርድ በምታውቀው መንገድ ነው። መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመውን የክንውን መለኪያ ተዋስን። በእሱ ታካሚው የሚያሳስቡትን ሥራዎች ራሱ ይመርጥና አፈጻጸሙንም እርካታውንም ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ለራሷ ስትሞላው ከታካሚ ጋር መግባባት ላይ ሁለቱም ነጥቦች ከፍ ያሉ ነበሩ፤ በዕለት ተዕለት ክንውን ሥልጠና ላይ ግን ለእርካታዋ የሰጠችው ዝቅተኛ ነው። ውስጧ ያውቀው ነበር ማለት ነው፤ ቅጹ ስላልጠየቃት ነው ያልጻፈችው።

ቀጥሎ ቶማስ ኪረሱክና ሮበርት ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1968 ለአእምሮ ጤና አገልግሎት ያቀረቡትን፣ ዛሬ በማገገሚያ ሥራ የተለመደውን ባለ አምስት ደረጃ የግብ መለኪያ ወሰድን፤ ከ-2 እስከ +2 ይሄዳል፣ የሚጠበቀው ውጤት 0 ላይ ይቀመጣል። ታካሚ በአለባበስ ላይ ከሚቆምባቸው አምስት ቦታዎች በስንቱ ላይ 10 ሰከንድ ጠብቃ ከእጅ በፊት ቃል ወይም ምልክት ትጠቀማለች? አንዱንም ካልሆነ -2፣ አንድ ወይም ሁለት -1፣ ሦስት 0፣ አራት +1፣ አምስቱንም +2። የዛሬውን ሁኔታዋን -1 ላይ አስቀመጥነው። ካርዱ ላይ ደግሞ በየትኛው እርምጃ ምን ዓይነት እገዛ እንደተሰጠ ለይታ እንድትጽፍ ተስማማን፤ «መጠነኛ እገዛ» ብሎ መዝጋት ቀረ።

ይህን መለኪያ የምወድበት ምክንያት አለኝ። «ተሳክቷል፣ አልተሳካም» ብቻ የሚል ቅጽ ሰው ቀላል ግብ እንዲጽፍ ይገፋፋዋል፤ ምዘና ላይ ማን መውደቅ ይፈልጋል? እዚህ ግን ከ0 በታች መቆየትም መረጃ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዊን ሎክና ጋሪ ላታም ለዓመታት ባካሄዷቸው ጥናቶች ያሳዩት፣ ተለይቶ የተቀመጠና ከበድ ያለ ግብ «የምትችለውን አድርግ» ከሚል ግብ የተሻለ ሥራ እንደሚያሠራ ነው። ሥራው አዲስና ውስብስብ ሲሆን ግን ውጤት ላይ ከማነጣጠር ዘዴውን መማር ላይ ማነጣጠር ይሻላል። ገና ከትምህርት ቤት ለወጣ ባለሙያ «በወሩ መጨረሻ አምስት ስፕሊንት (እጅን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ) እሠራለሁ» ከማለት «የእጅ አንጓን አቀማመጥ የምወስንባቸውን መንገዶች ለይቼ በሦስት ታካሚ ላይ ከነምክንያቱ አስረዳለሁ» የሚለው የሚበልጠው ለዚህ ነው። ባልደረባዬ ዘዴውን ስለምታውቅ ለእሷ ቁጥሩ ተስማማት።

የቀረው የአሠራሩ ጉዳይ ነው። የሥራ አመራር አማካሪው ጆርጅ ዶራን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ጥሩ ግብ አምስት መስፈርቶች ሲጽፍ፣ አንዱ ሥራውን ማን እንደሚሠራው ተለይቶ ይታወቅ የሚል ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በሠራተኛው ቅጽ ላይ የኃላፊው ድርሻ አይጻፍም። የአለባበስ ሥልጠናውን ታካሚው በእርግጥ ልብስ ወደሚለብስበት የጠዋት ሰዓት ማዛወርና ከኋላው ክፍት ጊዜ መተው የእኔ ሥራ ስለሆነ በእኔ ስም ቅጹ ላይ ገባ። ለክፍለ ጊዜዎቹ ታዛቢ የሚሆን ሌላ ባልደረባም ተመደበ፤ የምትመዘነው በእኔ ስለሆነ ታዛቢው እኔ ብሆን ዘና ብላ አትሠራም ነበር።

ሥልጠናን ማጣጣሌ አይደለም። በአሜሪካ የሙያ ማረጋገጫ ለማደስ በየሦስት ዓመቱ 36 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይጠየቃል፤ ነጥብ የሚጠየቅበት ሰው ነጥቡን ማሟላት አለበት። የብሪታንያው የጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት ግን የሰዓት ቁጥር አይወስንም፤ መማራችሁ ሥራችሁን እንዲያሻሽልና ተገልጋዩን እንዲጠቅም ጥረት አድርጋችኋል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኔ የምመርጠው ይህን ጥያቄ ነው፤ የትም ብንሠራ የማስረጃ ዓምዳችን ላይ ሊሰፍር የሚችል ነው።

በዓመቱ አጋማሽ የታዛቢውን ማስታወሻ ይዘን ተቀመጥን። በአለባበስ ላይ ከአምስቱ አራቱን ትጠብቃለች፤ +1 ደርሳለች። የእኚያ አባት ካርድ «በቃል ማስታወሻ» ከሚለው ላይ ደርሷል፤ እጅጌው ክርናቸውን የሚያልፈው በራሳቸው አውራ ጣት ነው። በማብሰል ሥልጠና ላይ ግን እጇ አሁንም ይቀድማል። ስለዚህ ስንነጋገር ተከራከረችኝ፤ የፈላ ውሃ ባለበት 10 ሰከንድ መጠበቅ አይቻልም አለች። ልክ ናት። ሆኖም ታዛቢው ከመዘገባቸው ውስጥ ጽዋ ማቅረብና ክዳን መክፈትም ነበሩበት፤ እነዚያ አያቃጥሉም።

ለቀጣዩ ግማሽ ዓመት የጻፈችው ግብ ከዚህ የወጣ ነው፦ ከማብሰል ክፍለ ጊዜ በፊት አደጋ ያለባቸውን እርምጃዎች ለይታ ትጽፋለች፤ በእነዚያ ላይ ወዲያው ትደርሳለች፣ በቀሩት ላይ ትጠብቃለች። ደረጃዎቹን ራሷ አወጣቻቸው፤ እኔ የጨመርኩት ፊርማዬን ነው።