ስድስት የናይለን ክር፣ ከጣርማበር እስከ ሀረጎ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለተሳፋሪ የአንድ ቀን መንገድ፣ ለስፔን ጊታር ግን ሦስት አገር። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ጉሙ መስታወቱን ይጋርዳል። ዋሻውን አልፈን የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ከወረድን በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራብ ይወልቃል። ከዚያ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፤ በመጨረሻ ሀረጎን ሽቅብ ወጥቶ ጦሳ ተራራ ሥር ደሴ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ።

አብሬው የሄድኩት ድምፃዊ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይደርሳል፤ መድረክ ላይ ከአንድ ጊታር በቀር አጃቢ የለውም። ጊታሩ ከተበላሸ ዝግጅቱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ፖርቶ መጋላ ላይ አልተጫነም፤ በጠንካራ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ከመቀመጫችን አጠገብ ተጓዘ። ለምሳ ስንወርድም አብሮን ወረደ። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ የመታው የተዘጋ መኪና ውስጥ የቀረ ጊታር ሙጫው ይለሰልሳል፤ ክሮቹ ሁሌም ስለሚስቡት መጀመሪያ የሚነሳው ብሪጁ፣ ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ነው።

የፊት ጣውላው ውፍረት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ድምፁ በአብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ስስ እንጨት ነው። የዛሬውን የስፔን ጊታር ቅርፅ ያስያዘው የአልሜሪያው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ይህን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑንና ጀርባውን ከወረቀትና ከሙጫ፣ ፊቱን ብቻ ከጥሩ እንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠርቶ ነበር። ክራር የሚይዝ ሰው ነገሩ አይገርመውም፤ እዚያም የሚናገረው ቆዳው ነው። ይህ ስስ ጣውላ የሚመቸው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያለው ነው። በበጋ ደረቅ አየር እንጨቱ ይሰበሰባል፤ ክሮቹ አንገቱን ወደሚከፋፍሉት የብረት ዘንጎች፣ ወደ ፍሬቶቹ፣ ይጠጋሉ፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፣ ከባሰም ፊቱ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ በጋለ ምስማር ይበሳል፤ ውስጡ ስፖንጅ ረጥቦ፣ ውኃ እስከማያንጠባጥብ ተጨምቆ ይገባል፤ ሳጥኑ ውስጥ አንገቱ አጠገብ ይቀመጣል። በክረምት ደሴ ላይ ግን አያስፈልግም። እርጥበት ሲበዛ ፊቱ ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል፤ ግራ እጅ ቶሎ ይደክማል።

ክር ስትገዙ ናይለን መሆኑን አረጋግጡ። የናይለን ክሮች ድምር ውጥረት 40 ኪሎ አካባቢ ሲሆን ሽቦ ወደ 70 ይደርሳል፤ የስፔን ጊታር ላይ ሽቦ የተወጠረ እንደሆነ ብሪጁ ውሎ አድሮ ይነቀላል። አዲስ ናይለን ለቀናት ስለሚረዝም ከዝግጅቱ ቢያንስ 3 ቀን ቀድሞ መታሰር አለበት። ቀጭኑ የመጀመሪያ ክር ብሪጁ ላይ ይንሸራተታል፤ ጫፉን በላይተር አቅልጦ ጉብ ማድረግና አንድ ዙር ጨምሮ ማሰር ያቆመዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰው አራተኛው፣ ሬ ነው። ከእሱ ሁለት ትርፍ ይዘን ነበር።

ደሴ እንደደረስን ሳጥኑን ወዲያው አልከፈትንም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተዘግቶ ቆየና ከዚያ ተቃኘ፤ ቶሎ የተቃኘ ጊታር መልሶ ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወሎ የቅኝት አገር ነው፤ ባቲ የከተማ ስም ነው፣ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ያለ አገር። እዚህ የስፔን ጊታር ይዞ የሚዘፍን ሰው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ከመደርደሩ በፊት የቅኝቱን አምስት ድምፆች ማወቅ ይኖርበታል። አምባሰልን ከሚ ብንነሳ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። ጣቶቹ ከመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ሳይርቁ ይገኛል፤ ስድስተኛው ክር ባዶውና 1ኛ ፍሬት፣ አምስተኛው ባዶው፣ 2ኛና 3ኛ፣ አራተኛው 2ኛና 3ኛ፣ ሦስተኛው 2ኛና 4ኛ፣ ሁለተኛው ባዶውና 1ኛ፣ አንደኛው ባዶውና 1ኛ። የአራተኛውና የሦስተኛው ክር ባዶ ድምፅ፣ ሬና ሶል፣ ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ቀኝ እጅ ሁሉንም ሲገርፍ እነዚህ ካልታፈኑ አምባሰሉ ወዲያው ይፈርሳል። የክራር ተጫዋች ግራ እጅ ሥራውም ይኸው ነው፤ የማይፈለገውን ክር በጣት ማፈን።

ፍላሜንኮ፣ የስፔኗን አንዳሉስያ ሙዚቃ፣ የተማሩ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የአንዳሉስያው የኮርድ አወራረድ ላ ማይነር፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ ሜጀር ይላል፤ ፋና ሚ መጠጋታቸው አምባሰል ስለሚመስል ሙሉውን ያመጡታል። ከአራቱ ኮርዶች አምባሰል ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገቡት ግን ላ ማይነርና ፋ ብቻ ናቸው። ሶል ኮርድ ሁለት የሌሉ ድምፆች ያመጣል፤ የመጨረሻው ሚ ሜጀርም ሶል ሻርፕ ይጨምራል። ማሳረፊያው ላይ ሚና ሲን ብቻ መምታት ይበቃል። ባዶ ይመስላል፣ ግን ድምፁ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

እነዚሁ አምስት ድምፆች ከላ ሲነሱ ትዝታ ማይነር ይሆናሉ። ልዩነቱን የሚሠራው አውራ ጣት ነው። ስድስተኛውን ባዶ ክር ቢያንጎራጉር አምባሰል፣ አምስተኛውን ቢያንጎራጉር ትዝታ። ድምፃዊው በአንድ ዘፈን መካከል ባሱን ከሚ ወደ ላ ሲያዛውር አዳራሹ ውስጥ ሰው ቀና ሲል አይቻለሁ፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አስቸጋሪው አንቺሆዬ ነው። ከላ ቢነሳ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕ ይሆናል፤ ከስድስቱ ባዶ ክሮች የሚያገለግሉት አምስተኛውና አራተኛው ብቻ ስለሆኑ መግረፉን ትቶ በጣት መልቀም ይሻላል።

ለድምፁ ከፍታ ካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ስትጠቀሙ ለስፔን ጊታር የተሠራውን ያዙ። አንገቱ ዝርግ ነው፤ ለሽቦ ጊታር የተሠራው ጎባጣ ካፖ ሁሉንም ክር እኩል ስለማይጫን አንዳንዱ ይንዛዛል።

ጭብጨባው ሌላ ጉዳይ ነው። የደሴ ሰው ዘፈን ከወደደ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባውም በጭክጭካ፣ ባለ 6/8፣ በሦስት በሦስት የሚከፈል ነው። የፍላሜንኮ ባለ 12 ምት ግማሹ በሦስት በሦስት፣ ግማሹ በሁለት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ግማሽ ላይ አዳራሹና ጊታሩ አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ ሕዝቡ በሦስት ይቀጥልና ጊታሩ ብቻውን ይቀራል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ እየደጋገሙ መግረፍ ችግሩን ፈታው።

ድምፅ ማጉያ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔት ፒክአፕ (ድምፅ ተቀባይ) ናይለን አይሰማም፤ ብሪጁ ሥር የሚገባ፣ ንዝረት የሚቀበል ፒዬዞ ወይም ማይክሮፎን ያስፈልጋል። ማይኩ አንገቱ 12ኛው ፍሬት ላይ ከጊታሩ ሆድ ጋር ወደሚገናኝበት ይዙር፣ ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር። ቀዳዳው ላይ ከተደቀነ ባሱ ያጓራል። የጊታሩ ሆድ አየር ራሱ 100 ኸርዝ አካባቢ ስለሚያስተጋባ ፊድባክ (የማጉያው ጩኸት) የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው፤ ሚክሰሩ ላይ ያንን ብቻ ጠበብ አድርጎ መቀነስ አጠቃላይ ድምፁን ከመቀነስ ይሻላል። የድምፅ ፍተሻውን ከአዛን ሰዓት ውጭ ማድረግ ደግሞ በደሴ የጨዋ ደንብ ነው። መብራት ሲጠፋ ድምፃዊው ወደ መድረኩ ጫፍ ወጥቶ ያለ ማይክ ቀጠለ፤ ጊታሩን በጥፍር ሳይሆን በአውራ ጣት ሥጋ ቀስ ብሎ ስለመታው ግጥሙ እስከ 6ኛው ረድፍ ተሰማ።

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብትሆንም 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ጠዋት ደሴ የተቃኘው ክር ከሰዓት እዚያ ልክ አልነበረም፤ እንደገና አንድ ሰዓት ጠበቅን። ቦታው ደጅ ላይ፣ የግቢ መድረክ ነበር። ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ የጊታሩን ማይክ ስላናወጠው አነሳነውና ፒዬዞውን ብቻ አስቀረን፤ የሚያፏጨውን ከፍተኛ ድምፅ ግን ቀነስንለት።

ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባቲ ይገባል። ያን ምሽት የመጨረሻው ዘፈን ባቲ ማይነር ነበር፤ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ። እነዚህ የጊታሩ ባዶ ክሮች ራሳቸው ናቸው። ድምፃዊው ግራ እጁን ከአንገቱ ላይ አንስቶ ስድስቱንም አንድ ጊዜ ገረፋቸውና እስኪበርዱ ተዋቸው።