ከጥይቱ መጠን በፊት ግድግዳው

ሽጉጥ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊ ልያዝ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን ከሱ በፊት መመለስ ያለባቸው ሌሎች አሉ፤ ዋናው ከሚተኮስበት ሰው ኋላ ምን አለ የሚለው ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከአቃቂ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ መጋዘን የጥበቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ባየሁት ነገር ነው።

በአካባቢው የሌሊት ዘረፋ ወሬ በዝቶ ነበር። የመጋዘኑ ባለቤት የቀኑን ሽያጭ ማታ ማታ ራሱ ይዞ ስለሚወጣ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቀ። የጦር መሣሪያ አዋጁን፣ ቁጥር 1177/2012ን፣ በሚገባ ያውቅ ስለነበር ወረቀቱ እስኪያልቅ ምንም አልነካም። ፈቃዱ ከተሰጠው በኋላ ግን መካሪው በዛ። አንዱ ተረኛ ስለ ሩሲያ ሠራሹ ሽጉጥ «ማካሮቭ ሰው ያስቆጣል እንጂ አይጥልም» ይላል፤ ሌላው ከቶካሬቭ ሌላ ሽጉጥ አላውቅም ባይ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ በፊልም ያየውን ባለ ነጥብ 45 ኢንች ጥይት ሽጉጥ ያወድሳል። ልጁ (ባለቤቱን ማለቴ ነው፣ ለኔ ልጅ ነው) ግራ ቢገባው «ጋሼ፣ እርስዎ ሠራዊት ቤት መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርተዋል፤ እስኪ ይንገሩኝ» አለኝ።

የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ 9 የእርሳሱ ውፍረት፣ 18 የቀለሃው ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ፓራቤለም የምንለው ደግሞ 9 በ19፣ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። የመጀመሪያው ኃይል 300 ጁል ግድም፣ የሁለተኛው እስከ 500 ጁል ይጠጋል። ልዩነቱ ምክንያት አለው፦ ማካሮቭ ሲተኮስ የኋላውን ዘግቶ የሚይዘው የላይኛው ብረት ክብደትና ሞላው ብቻ ስለሆነ ከዚያ የበረታ ጥይት አይችልም። በምትኩ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለመፍታትም ለማጽዳትም አያስቸግርም።

ትልቅ ጥይት ሁልጊዜ ይሻላል ለሚሉት የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ የሄደበትን መንገድ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ባልደረቦቹ በተኩስ ልውውጥ ሲሞቱ ጣት የተቀሰረው በ9 ሚሊዋ ጥይት ላይ ነበር። ወደ 10 ሚሊ ሄዱ፣ ከዚያ ነጥብ 40 ኢንች ወደሚባለው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የሥልጠና ክፍላቸው ወደ 9 ሚሊ መመለስ ይሻላል ብሎ ጻፈ፤ ተመለሱም። የዘመኑ 9 ሚሊ ጥይት ከትልልቆቹ አላነሰም፤ እጅ ላይ ብዙ ስለማይራገጥ ደግሞ አብዛኛው ተኳሽ በሱ ቶሎና በትክክል ይመታል። እኔም ለልጁ ያልኩት ይኸው ነው፦ እጅህ የሚገዛውን፣ ጥይቱንም በሕጋዊ መንገድ የምታገኝለትን ያዝ። ባለ 9 በ19 ገዛ።

ነገሩ የተፈጠረው ሽጉጡን ይዞ ወደ ጥበቃ ቤታችን በመጣ ዕለት ነው። ከካርቶኑ ጥይት ሌላ ኪሱ ውስጥ እፍኝ የሚሞላ ጥይት ነበረው፤ ዘመድ «ዘጠኝ ሚሊ ነው፣ ይሆንሃል» ብሎ የሰጠው። ካዝናው ውስጥ ሲያስገባ አየሁትና ቁመቱ አላማረኝም።

«ቆይ ልጄ፣ አስቀምጠው» አልኩት። ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ እሳት ማጥፊያው አሸዋ አዙሮ አስቀመጠ። ከኪሱ አንዱን፣ ከካርቶኑ አንዱን አንሥቼ መዝገቡ ላይ አቆምኳቸው። የኪሱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያጥራል፦ የማካሮቭ ነው። ስሙ 9 ይሁን እንጂ እርሳሱ 9.27 ነው፤ የፓራቤለሙ 9.01። ያ ወፍራም እርሳስ በጠባብ አፈሙዝ ተጨምቆ ሲወጣ ወይም አጭሩ ቀለሃ ቦታውን ሳይይዝ ሲተኮስ ሽጉጡም እጁም ሊጎዳ ይችላል። ደግሞም በፈቃድ ወረቀቱ ያልመጣ ጥይት ነው። በማግስቱ ወስዶ ለፖሊስ አስረከበ፤ ዘመዱ ተቀየመ፤ ይቀየም።

ያን ዕለት ግን ከጥይቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ቢሮው ነበር። ጠረጴዛው ፊቱን ወደ በሩ ያደርጋል፤ ከበሩ ጎን ያለው ግድግዳ ቺፕውድ ነው፤ ከቺፕውዱ ወዲያ ማሸጊያ የሚሠሩ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ ከነሱ ኋላ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ የሰው ቤት። ማካሮቭም ሆነ ፓራቤለም ቺፕውድና ቆርቆሮ አያቆመውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፣ ልክ ሲታለፍ ደግሞ አንቀጽ 79 አለ፤ ከአጥር ማዶ የተኛ ሕፃን ግን አንቀጽ አያነብም። ይህን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሁለት ልጆች አሉት።

ጠረጴዛውን አዞርነው። አሁን ከሚገባ ሰው ኋላ የሚገኘው የድንጋዩ ግንብ ነው። ከተፈቀደ ሥልጠና ቦታ ሳይለማመድ ሽጉጡን ታጥቆ እንደማይወጣ ቃል አስገባሁት፤ ጠበቀውም። ገንዘቡንም ማታ መያዝ ተወ፦ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ደንበኛ በባንክ ዝውውር ይከፍላል፣ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ገና ብርሃን ሳለ ባንክ ይገባል።