ካልጋሪ ደርሶ መልስ

ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ ቤዝመንት ተከራይቼ ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው። ካልጋሪ የገባው ጓደኛዬ በደወለ ቁጥር "ኧረ መጥተህ እየው! እዚያ ምድር ቤት ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። በጥር ሄድኩለት። በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ብርዱን ፈርቼ ካፖርት ላይ ሹራብ ቀርቶኝ ነበር እንጂ ያልደረብኩት የለም። ስወጣ በረዶው እየቀለጠ ነው። "ቺኑክ ነው" አለኝ። ከሮኪ ተራሮች ቁልቁል የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ክረምቱን ይገለብጠዋል። ደስ አለኝ። በነጋታው ግን ራሴን ፍልጥ አደረገኝ። ለካ ብዙ ሰው ቺኑክ ሲመጣ ራሱን ያመዋል።

ሱቅ ገባን። 100 ዶላር የሚል ጃኬት አነሳሁ። የቶሮንቶ ሰው ነኝና በሆዴ ከነታክሱ 113 ብዬ ደምሬ ጨርሻለሁ። ካሸሯ 105 አለችኝ። ካልጋሪ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ አልበርታ፣ የራሷ የሽያጭ ታክስ የላትም፤ የሚቆረጠው የፌዴራሉ 5 በመቶ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ታክሱን እሱ ያስቀነሰልኝ ይመስል ኮራ ብሎ ሳቀ።

ቤቱን ሳይ ደግሞ ቀናሁ። እኔ ከምከፍለው ትንሽ ጨምሮ ባለ ሦስት መኝታ ይዟል። ሳሎኑ ውስጥ ፀሐይ ይገባል። በእኔ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነው። ሆኖም እዚያ አከራይ ዓመት ጠብቆ የፈለገውን ያህል ኪራይ መጨመር ይችላል። በእኛ ክፍለ ሀገር፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ለቆዩ ቤቶች ጭማሪው ጣሪያ አለው፤ በ2025 2.5 በመቶ ነበር። የቤዝመንቴ እርጅና ለዚህ ጠቀመኝ።

ማታ ቡና ላይ ባለቤቱ አፍ አውጥታ ተናገረች። "ቤቱስ ጥሩ ነው። መኪናውን እሱ ይዞት ከሄደ ግን እኔ እስረኛ ነኝ" አለች። የአዳር ሥራ ነው የምትሠራው። ሰፈራቸው ከከተማው ዳር ስለሆነ አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። መሃል ከተማ ባቡሩ ነፃ ነው፤ ግን መጀመሪያ እዚያ መድረስ አለባታ! ስለዚህ ሁለተኛ መኪና ሊገዙ ነው፤ ከነኢንሹራንሱ፣ ከነክረምት ጎማው።

እኔ መኪና የለኝም። ቡና ሲያምረኝ ለባቡር 3.30 ዶላር ከፍዬ ዳንፎርዝ መንገድ እወርዳለሁ፤ ከግሪንውድ ጣቢያ ወጣ ስል አማርኛ እሰማለሁ። ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ስኒውን አሽከረከረች።

ወደ ኤርፖርት ስንሄድ ጓደኛዬ "እና፣ መቼ ነው ጓዝህን የምትጠቀልለው?" አለኝ።

"ይቺ መኪና በወር ስንት ትበላለች?" አልኩት።

የሬዲዮውን ድምፅ ጨመረው።