ሙሻ ደሴት ላይ ሁለት ሌሊት

አባቴ በወታደርነት ዘመኑ አሰብ ነበር። ጅማ ተመልሶ ቡና ንግድ ከጀመረ በኋላ ስለ ባሕሩ በጠየቅነው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ውሃው ጨው ነው» ይልና ጆንያውን መስፋቱን ይቀጥላል። እኔም አርባ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ስለ ባሕር የማውቀው ከዚህ አያልፍም ነበር። ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በማንኪያ እየማግኩ ስተፋ ኖሬያለሁ። ቀምሼ ያሳለፍኩት ቡና በከባድ መኪና ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያም መርከብ ይሳፈራል፤ እኔ ግን ከአዲስ አበባ ወዲያ ሸኝቼው አላውቅም።

ጥር ላይ ለቀማው አልቆ፣ የመጨረሻው ጀንፈልም ከማድረቂያው አልጋ ወርዶ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በዕቃ አስተላላፊነት የሚሠራው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻ የሚባል ደሴት አለ። ፊትዎን ውሃ ውስጥ ነክረው ዓሣ የሚያዩበት ነው፤ ሳይሞቱ ይዩት» አለኝ። ዓሣ ለማየት የእኛው የጅማ ቦዬ ምን አነሰኝ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ግን የቦዬ ውሃ እንኳን ዓሣውን ጉማሬውንም ቢሆን ጆሮውን ካላወጣ አያሳይም። ባለቤቴ «ሂድና ተመለስ፣ ቤት ውስጥ ሆነህ ሁሉንም ነገር ከምትቀምስ» ብላ ሸኘችኝ።

ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ፣ አንድ ቀን አርፌ እንደገና በባቡር ጅቡቲ፣ ነጋድ ጣቢያ፤ ይህን ሁሉ አልተርክም፣ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። የማልረሳው ድንበሩ ደወሌ ላይ ሻንጣዬን የፈተሸው ሰው ነው። ለስጦታ ይዤው የነበረውን አንድ ኪሎ የታጠበ የሊሙ ቡና ከፈተ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አኮሳተረና «የሐረር አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ በልቤ ስከራከረው ቆየሁ።

ነጋድ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀባ ታክሲ ይዤ ገባሁ፤ ሹፌሩ 4,000 ፍራንክ ጠየቀኝ፣ ከፈልኩ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከሽርፍራፊ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ሒሳቡን የሠራሁት ግን ከወረድኩ በኋላ ነው። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ስነግረው «ግማሹ ይበቃው ነበር» አለኝ፣ እንደ ምሥራች። እኔ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ የምከፍለውን ሁሉ በእሸት ቡና እመነዝራለሁ። ያ ታክሲ የአንድ ሰው የሙሉ ቀን ለቀማ በልቶብኛል።

ስለ ከተማዋ ብዙ የምለው የለኝም። ሰዎች እስካሁን ምኒልክ አደባባይ እያሉ በሚጠሩት ቦታ ዞርኩ፣ ማታ የየመን ዓሣ በላሁ። መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በምድጃ ግድግዳ ላይ ተጠብሶ፣ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይመጣል። ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻዬን ጨረስኩት። የባለቤቴ ወንድም አብሮኝ ሊሄድ ቃል ገብቶ ነበር፤ ወደብ ላይ የተያዘ ዕቃ አስቀረው። «ጀልባው ስምንት ሰዓት ካሉዎት በፈረንጅ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው» ብሎ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋ ጋ ስደርስ ከሰው ይልቅ የውሃ ጀሪካን ይበዛባታል። ሙሻ ላይ ምንጭ የለም፤ የሚጠጣው ሁሉ ከከተማ ነው የሚጫነው። ይህን ነገር ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። እኛ ጅማ ውስጥ ከሰማይ በሚወርደው ውሃ ተማርረን ነው የምንኖረው፤ ልብስ አይደርቅም፣ ቡና አይደርቅም፣ ወንዙ አዌቱ ይሞላል። እዚህ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆኖ አንድ ሊትር ተኩል የታሸገ ውሃ ደሴቱ ላይ 300 ፍራንክ ይሸጣል። ሁለት ኪሎ እሸት ቡና የማይገዛው ገንዘብ ነው ብላችሁ አትሳቁ፤ ይገዛል።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደረስን። ሙሻ ዝቅ ያለች ጠፍጣፋ ደሴት ናት፤ ኮረብታ የላትም፣ አንድ ሰው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቆም ማዶውን የሚያይ ይመስለዋል። ነጭ አሸዋ፣ በስተጀርባ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሥራቸውን ዘርግተው የቆሙ የማንግሮቭ ዛፎች፣ ጥቂት ጎጆዎች፤ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዞች ከታጁራው ሱልጣን ላይ በአስር ጆንያ ሩዝ ገዝተዋት ነበር፣ ኋላ ለፈረንሳይ ለቀቁላት። አስር ጆንያ! በእኛ የኤክስፖርት ቡና ጆንያ ቢለካ ስድስት ኩንታል ነው። የጎጆዬን የሁለት ሌሊት ኪራይ ስሰማ ግን ሱልጣኑ በርካሽ መሸጣቸው ገባኝ።

ለመጥለቂያው መነጽር፣ አፍ ውስጥ ለሚነከሰው የመተንፈሻ ቱቦና እንደ ዳክዬ እግር ለሚያስረግጠው ጫማ ለየብቻ አስከፈሉኝ፤ የጀልባው ዋጋ ሁሉን ይጨምራል ተብዬ ነበር የመጣሁት። ጭቅጭቄን በአማርኛ ብቻ ስለምችል ሰሚ አላገኘም። አስጠላቂ ሆኖ የተሰጠኝ ልጅ ግን ትንሽ አማርኛ ነበረው፤ ከኛ ከባድ መኪና ሹፌሮች የለቀመው ስለሆነ ቃሉ ሁሉ ትእዛዝ ነው። «ና! ቁም! ቀስ! ወደ ኋላ!» ይለኛል፣ ተሳቢ እንደሚያስገባ ሰው። ዋና አልችልም አልኩት፤ የተነፋ ሰደርያ አለበሰኝ። ከዚያ መነጽሩን ሰጠኝና «ትፋ!» አለ። መስታወቱ በእንፋሎት እንዳይሸፈን ምራቅ ይቀባል፣ ከዚያ ይታጠባል። መትፋት ከሆነ እንግዲህ የዕለት እንጀራዬ ነው፤ በደንብ ተፋሁለት።

ችግሩ የመጣው ከመማጉ ነው። ቡና ቀማሽ ሲኒውን አይጠጣም፤ በማንኪያ ወስዶ በኃይል፣ በፉጨት፣ ከአየር ጋር ቀላቅሎ ይምገዋል፣ እንፋሎቱ ምላስና አፍንጫን እኩል እንዲያዳርስ። ቱቦው አፌ ውስጥ ሲገባ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ጉንጭ የሚያውቀውን አደረገ። በዚያው ቅጽበት ትንሽ ማዕበል ቱቦውን ሞላው። የታጁራን ባሕረ ሰላጤ እስከ ሳንባዬ ማግኩት። ስወጣ ልጁ ጀርባዬን እየደበደበ «ቀስ! ቀስ!» ይላል። አባቴ ትክክል ነበር፤ ግን አጭር አድርጎ ነው የተናገረው። ጨው ብቻ አይደለም፤ ከጨዉ በስተኋላ ምላስ ጎን ላይ የሚቀር መራራ ነገር አለ፣ ቆይቶ ደግሞ ብረት ብረት ይላል። ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣ ያለ ክርክር የምጥለው ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቀስ ብዬ ተነፈስኩ፣ ፊቴን ነከርኩ፣ ዓይኔን ገለጥኩ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሆዴ በታች ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ላይ አንድ ሰፈር ነበር። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ጠፍጣፋ ዓሦች ሁለት ሁለት ሆነው ያልፋሉ። አንድ ብርቱካናማ ትንሽዬ እሾህ በመሰለ ለስላሳ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ አንገቱን ያወጣል፣ ይገባል፤ ስጠጋው ሊጣላኝ ወጣ። እጄን ብዘረጋ የምይዘው መስሎኝ ዘረጋሁ፣ ባዶ ጨበጥኩ። ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ አንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ፣ ቀረብም ብሎ ነው የሚታየው፤ እጄ ራሱ የሌላ ሰው እጅ መስሎኝ ነበር። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ድምፁ ነው። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ እንደገባ ከየአቅጣጫው «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ተሰማኝ፤ በቡና ሰዓት ጎረቤት ሁሉ ቆሎ ሲቆረጥም እንደሚሰማው ያለ። ፈረንጆቹ በበቀቀን ስም የሚጠሩት፣ አፉም የበቀቀን ምንቃር የሚመስል አረንጓዴ ዓሣ ድንጋይ መሳዩን ኮራል እየቦረቦረ ይበላል። የፈጨውን በኋላው በኩል አሸዋ አድርጎ ይጥላል። ጠዋት ተጋድሜ ያሞገስኩት ነጭ አሸዋ በከፊል የዚህ ዓሣ ስጦታ መሆኑን ያወቅኩት ማታ ነው፤ ያን ጊዜ ቅንድቤም ውስጥ ሳይቀር ነበረ።

ደክሞኝ ልቆም ስል ልጁ ከውሃው በላይ «አትቁም!» ብሎ ጮኸ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት ቤትና አካል ነው፤ አንድ እርግጫ ለዓመታት ያደገውን ይሰብረዋል። ከትእዛዞቹ ሁሉ ይችኛዋን ወደድኩለት።

ሦስት ሰዓት ያህል ተንሳፍፌ ነበር። ሲነግሩኝ ሃያ ደቂቃ መስሎኝ ተከራከርኩ። ጀርባዬ ግን ሰዓቱን በትክክል ቆጥሯል። ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አይነካውም ብዬ አምን ነበር፣ ቅባት ያቀረቡልኝንም «ለፈረንጅ ነው» ብዬ መልሼ ነበር። ማታ ሸሚዜን ማውለቅ አቃተኝ። ጄኔሬተሩ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጠፋ፣ የአየር ማቀዝቀዣው አብሮት ሞተ። በሆዴ ተኝቼ፣ የሌላ ፍጥረት ዛጎል ለብሰው የሚዞሩ ትናንሽ ሸርጣኖች በሩን ሲቧጥጡ እየሰማሁ አንዴ ሸለብ አደረገኝ። ከዚያ ዝናብ ሰማሁ። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ እየበረታ የሚሄድ ዝናብ። «ቡናው!» ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ልሸፍን ሸራ ፍለጋ በጨለማ ግድግዳ ዳበስኩ። በሩን ስከፍተው ኮከብ ብቻ ነው፣ ባሕሩ ደግሞ እየተመላለሰ ይፈስሳል። እስኪነጋ እንቅልፍ አልመጣም።

ጠዋት እንደ ግንድ ቀጥ ብዬ ስራመድ ያየችኝ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለች፣ በጠራ የወሎ አማርኛ። ከሐይቅ ከተማ ነው የመጣችው፤ ሐይቁ ዳር ያደገች ስለሆነች ዋና አልችልም ስላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ቀዝቃዛ እርጎ በሳህን አምጥታ «ይቀቡት፣ ጀርባዎ ላይ ካልደረሱ ልጁን ልጥራልዎ» አለችኝ። ተቀባሁ፣ ዳንኩ ባልልም ታገስኩ። ቀጥሎ ቁርስ ቀረበ፤ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃና በወረቀት ከረጢት የታሸገ ቡና፣ ወተቱም ስኳሩም አብሮ የተደባለቀበት። ከተቀመጥኩበት ወደብ ሊገቡ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ይታዩ ነበር። ከረጢቱን አየሁት፣ መርከቦቹን አየሁ፣ ከረጢቱን መለስኩ።

ሻንጣዬን ከፍቼ ሊሙውን ለልጅቷ አሳየኋት። እንደ ሕፃን አቅፋ ከእጄ ተቀበለችኝ። ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፣ አንድ ቀንም ጥሬ ቡና በእጇ አልነካችም። በዓሣ መጥበሻ ቆላችው፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ባልለቀቀው ሙቀጫ ወቀጠችው፣ ጀበና ስለሌለ በድስት አፈላችው። የመጀመሪያውን በጀሪካን ውሃ አድርጋው ስለነበር ሞተብኝ፤ ውሃው ውስጥ ያለው ትንሽ ጨው የፍሬ ጣዕሙን ውጦታል። እሷ ግን የከተማው ውሃ ከድሮው ይሻላል ይላሉ አለችኝ፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኛው አገር፣ ከሶማሌ ክልል ሐደጋላ፣ በቧንቧ ይመጣላቸዋል። ለሁለተኛው 300 ፍራንኬን ከፍዬ የታሸገ ውሃ ገዛሁ። ወጣ። አበባው፣ የሎሚ ዓይነት ቁርጥ ያለ ጣዕሙ፣ ሁሉም። ከጎረቤት ጎጆ ሽታው የጠራቸው ፈረንሳውያን ባልና ሚስት መጥተው ቀመሱ፣ አመሰገኑ፣ ወተት ጠየቁ። አቦልና ቶና ላይ ታገስኳቸው፤ በረካውን ከልጅቷ ጋር ጓዳ ገብተን ጠጣነው።

ሁለተኛውን ቀን በጥላ ሥር፣ ከነሸሚዜ ውሃ እየገባሁ ነው ያሳለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል የተባለው ጀልባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ መጣ። ካፒቴኑ ከኢትዮጵያ የሚገባውን የቀኑን ጫት ሲጠብቅ ቆይቶ ነው፤ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ደስተኛ ሆኖ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ሲቆጣ እኔ ዝም አልኩ፤ ከጅማ መጥቼ በጫት ምክንያት ስለዘገየ ሰው ብነጫነጭ ማን ይሰማኛል?

ልጅቷን ስሰናበት ገንዘብ ብሰጣት አልተቀበለችም፤ «ጀበና ይላኩልኝ» ብቻ አለች። ጅማ በገባሁ በሳምንቱ ሐሙስ ገበያ ሄጄ አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ሰፊ የሆነች አንዲት ጥቁር ጀበና መረጥኩ፣ በጭድ አሽጌ ቡና ለሚጭን አንድ ሹፌር አደራ ሰጠሁት። ትናንት ሚሌ ላይ ሆኖ ደወለልኝ፤ ክዳኗ ተሰብሯል፣ አንገቷ ደህና ነው። የድንበሩን ኬላ ገላፊን እስክታልፍ እየጠበቅኩ ነው።