«ለምጄዋለሁ» እያልኩ የኖርኩባቸው ዓመታት

ለስድስት ዓመት ያህል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል በፊት ተኝቼ አላውቅም። ብዙ ጊዜ 8 ሰዓትም ያልፈኝ ነበር። ጠዋት ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የግድ መነሳት አለብኝ፤ ልጄን አዘጋጅቼ፣ ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ እገባለሁ። ስለዚህ በቀን የምተኛው አራት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ አምስት ሰዓት ነበር። «እንዴት ትችለዋለህ?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ «ለምጄዋለሁ»። ከልቤም አምንበት ነበር።

የማመሸው ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ቤቱ ጸጥ ሲል ማንም የማይጠራኝ፣ ምንም የማይጠበቅብኝ ሰዓት እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ሆኜ እውላለሁ፤ ሌሊቱን ለራሴ አስቀርቻለሁ። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን እነካካለሁ፣ አንዱ ቪዲዮ ሌላውን እየጎተተ ሌሊቱ ይጋመሳል። ይህን መናገር የፈለግኩት መካሪዎች ሁሉ ስለሚዘሉት ነው። እንደኔ ያለ ሰው «ቶሎ ተኛ» ሲባል የሚሰማው «ያለችህን አንዲት የራስህን ሰዓት አስረክብ» የሚል ነው። እንቢ ማለቱ አይገርምም።

ያነቃችኝ የ6 ዓመት ልጄ ናት። አንድ ማታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ተረት አነብላታለሁ። ጥንቸሏ ወንዙ ዳር ደርሳ ልትሻገር ስትል፣ እኔ «ከዚያ ደረሰኙን ከፋይሉ ጋር አያይዛ…» ብዬ ቀጠልኩ። ድምፄ ለራሴ ይሰማኛል። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ ደረሰኝ ምንድን ነው?» አለችኝ። መጽሐፉን ሳየው እንደዚያ የሚል ነገር የለበትም። ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ ተገልጦ፣ እየተናገርኩ ለጥቂት ሰከንድ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ልጄ ሳቀች። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያው ቀን ጠዋት እሷን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ መኪና ነድቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፍ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። በጣም ያስደነገጠኝ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ጤነኛ ሰዎችን በቡድን ከፍለው ለ14 ቀናት አንዱን ቡድን በቀን 4 ሰዓት፣ ሌላውን 6 ሰዓት፣ ሌላውን 8 ሰዓት አስተኟቸው። 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ሰዎች ንቃትና ትኩረት በየቀኑ እየወረደ ሄዶ፣ በመጨረሻ ጨርሶ ሳይተኛ ካደረ ሰው ጋር የሚወዳደር ደረጃ ላይ ደረሰ። ሰዎቹን «እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል?» ብለው ሲጠይቋቸው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ስሜታቸው እምብዛም አይጨምርም ነበር። እየደከሙ ነው፣ መድከማቸውን ግን አያውቁም። የኔ «ለምጄዋለሁ» ይኸው ነው። የለመድኩት እንቅልፍ ማጣቱን ሳይሆን መፍዘዙን ነበር፤ የሚመዝነው አእምሮም ራሱ የፈዘዘው ነው።

በሰውነቴ ላይ የሚታየው ሁሉ ትርጉም ያገኘው ያኔ ነው። ሌሊት እየነቃሁ ጣፋጭ ነገር ያምረኛል፤ ክብደቴ በሦስት ዓመት 9 ኪሎ ጨምሯል። እንቅልፍ ሲያንስ የጥጋብ መልእክት የሚያደርሰው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን እንደሚቀንስ፣ የረሃቡ ግሬሊን ደግሞ እንደሚጨምር በሙከራ ታይቷል። ጉንፋን ከኔ አይጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሌላ ሙከራ 153 ፈቃደኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨምሮ፣ ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን በጉንፋን ተይዘዋል።

ከሁሉ የከፋው ጠባዬ ነበር። በትንሽ በትልቁ ቱግ እላለሁ። የእንቅልፍ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ጥልቁ እንቅልፍ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይመጣል፣ ሕልም የሚበዛበት ደግሞ ወደ ንጋቱ ይረዝማል። እኔ አላርሙ ሲጮህ የምቆርጠው ይህንን የንጋቱን ድርሻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ስሜትን ከማረጋጋት ጋር በብዙ የተያያዘ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ከንቱ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ 4 ሰዓት ላይ እተኛለሁ» ብዬ ወሰንኩና መብራት አጠፋሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ተገላበጥኩ። ጣሪያውን እያየሁ ተናደድኩ፣ ንዴቱ ይባስ አነቃኝ። ሰውነት እንቅልፍ ከለመደበት ሰዓት በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጣዊው ሰዓታችን ንቃትን አጥብቆ የሚይዝባቸው እንደሆኑ የተረዳሁት በኋላ ነው። በር በተቆለፈበት ሰዓት በር እየገፋሁ ነበር።

ሁለተኛው ስህተቴ የእረፍት ቀን እንቅልፍ ነው። ቅዳሜና እሁድ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት እተኛለሁ፣ እሁድ ማታ ደግሞ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ቲል ሮነበርግ እና ባልደረቦቹ ይህን «ማኅበራዊ ጄትላግ» ብለው ሰይመውታል፤ ጄትላግ ሩቅ አገር በርረን የሰውነታችን ሰዓት ሲዛባ የሚሰማን ነው። ስያሜው ልክ ነው፤ በየሳምንቱ አራት ሰዓት ተኩል ወደሚለይ አገር በርሬ እንደመመለስ ነበር።

የሠራልኝ ነገር ከማታው በኩል አልመጣም፣ ከጠዋቱ እንጂ። ማታ የምተኛበትን ሰዓት ማዘዝ አልችልም፤ የምነሳበትን ግን እችላለሁ። ስለዚህ የእረፍት ቀንን ጨምሮ በየቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት፣ ተነስቼም ወዲያው ውጭ ወጥቼ ሃያ ደቂቃ መራመድ ጀመርኩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ ሀይፖታላመስ በተባለው ክፍል 20,000 ገደማ ሴሎች ያሉት ትንሽ ጉብታ አለ፤ የሰውነታችንን ሰዓት የሚመራው እሱ ነው። የሰው የውስጥ ሰዓት በአማካይ ከ24 ሰዓት በትንሹ ይረዝማል፤ ማምሸት የሚቀለን፣ ቀድሞ መተኛት የሚከብደን በከፊል ለዚህ ነው። በየቀኑ ቀደም እያደረገ የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነው። ሰማዩ ደመና ቢሆንም እንኳ የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መስኮት አጠገብ መቆሙ አይተካውም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። በአምስተኛው ቀን ግን ማታ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሳልጠራው እንቅልፍ መጣ። ያን ቀን ሶፋው ላይ ታግዬ አሳለፍኩት፣ የድሮ ልማዴ ነው። ከዚያ በኋላ የመኝታ ሰዓቴን በየሦስት አራት ቀኑ በ15 ደቂቃ እየቀደምኩ፣ በስድስት ሳምንት ገደማ 5 ሰዓት ላይ አረፍኩ።

ቡናን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ነቅተን ስንቆይ አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይከማቻል፣ እንቅልፍ የሚያስመኘን እሱ ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል፤ ድካሙን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል። ከሰውነት ግማሹ ለመውጣትም አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ከሰው ሰው ቢለያይም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የምጠጣውን ተውኩት። የመጨረሻው ስኒ 6 ሰዓት ላይ ነው።

ስልኩ ግን በፈቃድ ብቻ የሚተው አልሆነልኝም። ቻርጀሩን ወደ ኩሽና ወሰድኩት፣ ለመቀስቀሻ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። የስክሪኑ ብርሃን ለሰውነት መምሸቱን የሚነግረውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል የሚባለው እውነት ነው፤ እኔን ይበልጥ የጎዳኝ ግን ማለቂያ የሌለው መሆኑ ይመስለኛል። መጽሐፍ ምዕራፉ ያልቃል፣ ስልክ አያልቅም።

የራሴ ያልኳት ሰዓትስ? እሷን ካልተካሁ ሁሉም እንደሚፈርስ አውቄ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። «እኔም እኮ ከሥራ ስገባ እንደዚያ ያለ ሰዓት ያምረኛል፣ ጠይቀኸኝ አታውቅም» አለችኝ። አፈርኩ። አሁን ተራ አለን፦ አንዱ ቀን እኔ ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ አንድ ሰዓት ማንም አይጠራኝም፣ በማግስቱ የእሷ ነው። ሌሊት ከነበረኝ ያነሰ ነው፤ ግን ነቅቼ የማሳልፈው ነው።

ዘግይቶ መተኛት በራሱ በሽታ አይደለም። በተፈጥሮው የማታ ሰው የሆነ አለ፤ የጎረምሶችም ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል። ዘግይቶ ተኝቶ፣ ዘግይቶ ተነስቶ፣ ሰባትና ስምንት ሰዓቱን በየቀኑ የሚሞላ ሰው የኔ ችግር የለበትም። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ወይም እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ የኔን መንገድ አይከተል፤ ሐኪም ያማክር።

ጉልበት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የተመለሰልኝ ትዕግሥቴ ነበር። ጉልበቱ ወር ከምናምን ወስዷል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይከብደኝ የነበረው ራሴ አሁን ቀለል ይለኛል፣ አንድን መስመር አራት ጊዜ ማንበብ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት እንግዳ መጥቶ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አመሸሁ። በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ወጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ድካሙ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ድሮ እንዲህ ያለውን ቀን ደህና ቀን ነበር የምለው። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ለልጄ ተረቷን ጨርሼ፣ ብርሃኑን አጥፍቼ፣ እኔም ተኛሁ።