ሐረጎ ላይ የወደቀው ጠቋሚ

መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ባለቤቷ ኮምቦልቻ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ቤተሰቦቹ ደሴ ናቸው። የድሮውን ትንሽ ሞተር አውርደን 4ኤ ጂኢ የሚባለውን ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ 16 ቫልቭ የቶዮታ ሞተር እንድናስገባላት ፈለገ። በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ ሲረገጥ የማይሰለች ሞተር ነው። ሥራውን ደሴ ባለው ጋራዣችን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሞተሩ የተገኘው የፊት ጎማዋ ከሚጎትታት ሌላ ኮሮላ ላይ ነው። ዲኤክስ ደግሞ በኋላ ጎማዋ ነው የምትገፋው። ስለዚህ ሞተሩን በቁመት ስናስቀምጠው የዘይት ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የሚይዘው ሳህን፣ ከታች ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። ኮፓውን በያጅ ጋ ወስደን አስቆረጥነው፣ ቅርጹን አስቀየርን፣ አስበየድን። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ኮሎው፣ የሞተሩ የሚዞረው ዋና ዘንግ፣ ተሞረደ። ኮሎው የሚዞርበት ስስ የብረት ማቀፊያ፣ ብሮንዚኑ፣ በሙሉ ተቀየረ። የፒስቶኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አዲስ ገባ። ሞተሩ ብዙ ዙር ስለሚሠራ በብሮንዚኑና በኮሎው መካከል ያለውን ክፍተት አውቄ ሰፋ አደረግኩት፤ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ። ዘይት በደንብ እንዲያልፍና ሙቀቱን ይዞ እንዲወጣ ነው። የዳሽቦርዱን መብራት ብቻ ስለማላምን የዘይት ግፊት ጌጅም ገጠምኩ። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ሲወርድ ነው። እዚያ ከደረሰ ብዙ ነገር አልቋል።

ሞተሩ ተነሳ። ማሻ አላህ፣ ድምፁ ልብ ይሞላል! ሲሞቅ ግን ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ የጌጁ ጠቋሚ ወርዶ 0.6 ባር ላይ ቆመ። በ3,000 ዙር 3.5 ይላል። የፋብሪካው መመሪያ በሚኒሞ ከ0.3 ያላነሰ፣ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ነው የሚለው። ስለዚህ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ልጁ ግን ጠቋሚውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ዜሮ ነው። ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼ ዜሮ?»

ልነግረው ሞከርኩ፣ አልሰማ አለኝ። ከዚያ የማልወደውን ነገር አደረግኩ፤ ደንበኛ ለማስደሰት ስል እጄን ሰደድኩ። የዘይት ፖምፓውን ፈትቼ፣ ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ከሚያስተነፍሰው ቫልቭ ሞላ ኋላ ሁለት ራንዴላ፣ ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት፣ ጨመርኩ። ሞላው ከጠነከረ ግፊቱ ይጨምራል ብዬ ነው። ዘይቱንም በወፍራሙ 20 ደብልዩ 50 ቀየርኩት። ከሰዓት ሞከርነው። ልጁ በ3,000 ዙር ጠቋሚው ወደ 5 ሲጠጋ አይቶ ረካ። ሚኒሞ ላይ ዘይቱ ሳይግል በፊት ነበር ያየነው።

የደሴን ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። ወፍራም ዘይት ደግሞ በብርድ ይበልጥ ይወፍራል። በማግስቱ ጠዋት ልጁ አስነሳና ሳያሞቅ ረገጠ። ጠቋሚው 7ን አልፎ ጥጉ ላይ ተለጠፈ። ወዲያው ከሥር «ፏ!» የሚል ነገር ሰማን። የፊልትሮው ላስቲክ ተገፍቶ ወጥቶ ነበር። ሮጬ ቁልፉን አጠፋሁት። መጥቆር ያልጀመረ፣ ማር የመሰለ ዘይት ሲሚንቶው ላይ ይሄዳል። ልጁ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ።

ኮምቦልቻ ሥራ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ደወልኩላቸው። ከሰዓት በኋላ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ራንዴላዎቹንም አልደበቅኩም።

«ልጄ፣ ሲግል ሚኒሞው ስንት ሆነ?» አሉኝ።

አላየሁም ነበር። አዲስ ፊልትሮ ገጥመን፣ ቀስ አድርገን አሙቀን አየነው። 0.7። ያ ሁሉ ልፋት ለ0.1 ነው፤ እሷም የመጣችው ከዘይቱ ውፍረት ነው።

ጋሼ መኪና የምናጥብበትን የውሃ ጎማ አነሱ። «ቧንቧው ግፊት አይሰጥህም፣ ውሃ ነው የሚሰጥህ» አሉና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ግማሽ ድረስ ደፈኑት። ውሃው ግቢውን አቋርጦ ተወረወረ። ጣታቸውን አላላ ሲያደርጉት እግራቸው ሥር ፈሰሰ። «ግፊት እዚህ ጣቴ ጋ ነው ያለው። ያንተ ጣት ብሮንዚኑ ነው። ክፍተቱን አንተ ነህ ያሰፋኸው፤ ዘይቱ ሲግል ሚኒሞ ላይ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ማስተንፈሻው ደግሞ የሚከፈተው ግፊት ሲበዛ ነው። ሚኒሞ ላይ ድሮም ዝግ ነው። ዝግ በር ላይ ሌላ ቁልፍ ብትጨምር ምን ይለወጣል?»

ይኼን በንባብ አውቀው ነበር። በእጄ ግን አላውቀውም ነበር። ራንዴላዎቹን አወጣሁ። ዘይቱን ቀጠን ወዳለው መለስኩት።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን «ቆሞ የሚሠራ ሞተር ምንም አይነግርህም፣ ሐረጎን እንውረድ» አሉ። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሐረጎ ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ልጁ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ዓይኔን ከጌጁ አልነቀልኩም፣ ጋሼ ከኋላ ናቸው። ቀጥታው ላይ 3.5። ጥሩ። አንዱ ጠባብ ኩርባ ላይ ልጁ ፍሬን ይዞ መሪውን ሲያጥፍ ጠቋሚው ወደቀ። ዜሮ። አንድ፣ ሁለት ብሎ እስኪቆጠር ድረስ ቆየና ተመለሰ። የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ ብሎ ጠፋ። ልጁ መንገዱን ስለሚያይ አላየውም።

«አቁም» አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። መኪናዋን ዳር አስያዝናትና በሌላ መኪና አስጎትተን ተመለስን።

ማታ ኮፓውን ፈታሁ። የዋናው ኮፓ ሆድ ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ የላሜራ ግድግዳ አለ። በያጁ ጋ ሲቆረጥ ያ ግድግዳ ወጥቶ ተጥሏል። በያጁን አልወቅሰውም፤ ለምን እንዳለ የመንገር ግዴታ የእኔ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ዘይቱ በሙሉ ወደ ፊት ይሸሻል፣ መሪ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይወጣል። ዘይቱን ወደ ፖምፓው የሚስበው መምጠጫ ከኋላ አየር ይስባል። ሁለት ሴኮንድ አየር በ5,000 ዙር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያያይዘውን ዘንግ፣ የቢየላውን፣ ካፕ ከፈትኩ።

ብሮንዚኑን መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ አምፖሉ አስጠጋሁት። አዲስ ብሮንዚን ወጥ ግራጫ ነው፣ ጭጋግ የመሰለ። ይኼኛው መሃሉ ላይ የጥፍር ስፋት ያህል ተልጦ ሥሩ ያለው መዳብ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዛል። ገና 200 ኪሎ ሜትር ያልተነዳ ሞተር ነው። አንድ ሳምንት ሐረጎን ቢመላለስበት ኖሮ ቢየላው ጎኑን ቀዶ ይወጣ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ በየቀኑ የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ሞተር ኩርባ መሃል ላይ ነክሶ ቀጥ ሲል የኋላ ጎማው ይቆለፋል።

ኮሎው ደህና ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ብሮንዚኑን እንደገና በሙሉ ቀየርኩ። ኮፓው ውስጥ በመምጠጫው ዙሪያ አራት ማዕዘን የላሜራ ሳጥን አስበየድኩ፤ ከሥሩ ዘይት የሚገባበት ትንንሽ ቀዳዳ፣ ከላዩ ግማሽ ክዳን። መምጠጫው ከኮፓው ወለል ያለውን ርቀት ለካሁ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ። በጣም ከተጠጋ ይታፈናል፣ ከራቀ ደግሞ አየር ቶሎ ያገኛል። የእጅ ዋጋም ሆነ የብሮንዚኑን ብር አልተቀበልኩም።

ከአራት ቀን በኋላ ሐረጎን በድጋሚ ወረድን። እዚያ ኩርባ ስንደርስ ልጁ ራሱ «ያዝ እንግዲህ» አለኝ። ፍሬን ያዘ፣ አጠፈ። ጠቋሚው ከ3.5 ወደ 3 ተነቀነቀና ቆመ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ወረድን፣ ሦስቱንም ቆመ።

ኮምቦልቻ ገብተን አንድ ቡና ቤት በር ላይ አቆምን። ሞተሩ ግሏል። ሚኒሞ ላይ ጠቋሚው ቀስ ብሎ ወርዶ 0.6 ላይ አረፈ። ልጁ ትንሽ አየው።

«ይኼ ጤናው ነው፣ አይደል?»

«አብሽር» አሉት ጋሼ ከኋላ፣ «ጤናው ነው።»

ቁልፉን አጠፋና ወረድን።