3 ነው 8?

ሥራው ሲነገረኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ያረጀ መካነ መቃብር ሄዶ በድንጋዮቹ ላይ ያለውን መገልበጥ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ዓመት፣ ማን ከማን ጎን እንደተቀበረ። ለአካባቢው ታሪክ ይጠቅማል ተብሎ።

በመጀመሪያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥግ ያሉ ሰባት መቃብሮች ጋ ደረስኩ። ነጭ እብነ በረድ ናቸው፤ ዝናብ ልሷቸው ጽሑፉ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ዕድሜያቸውን እንደምንም አነበብኩ፦ 24፣ 29፣ 31... አንድም ሽማግሌ የለም። ወንድም ሴትም አለበት። ዓመቱ ሁሉም ላይ አንድ ነው፤ በፈረንጆቹ 1913። በቃ፣ ግኝት! ማታውኑ "እዚህ ከባድ አደጋ ደርሶ ነበር" የሚል ረቂቅ ለአለቃዬ ላክሁላት።

"የምን አደጋ?" ብላ መለሰችልኝ። አለቀ።

በማግስቱ የድንጋዩን ሽበት ላነሳ ኮምጣጤ ይዤ ሄድኩ። ገና ጠብ ሳደርገው ቺስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ለካ እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው፤ አሲድ ይበላዋል። ጥበቃው ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ልጄ፣ እያጠብከው ነው እያስበላኸው?"

አፈርኩ። "ጋሼ፣ ዓመቱ አልነበብ ብሎኝ እኮ ነው።"

"ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ና።"

ወደ 11 ሰዓት ተመለስኩ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ቀን ላይ ያልነበረ ጭረት ሁሉ ጥላ ጥሎ ብቅ አለ። የእኔ 3 በግራ በኩል ቀስ ብሎ ተዘጋና 8 ሆነ። 1918። ከሥሩ ደግሞ ወሩ፤ ኦክቶበር፣ ኖቬምበር።

የስፔን ጉንፋን፣ ያ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ! ኢንፍሉዌንዛ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ነው። የያኔው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች ለቅሟቸዋል። በብዙ አገር የወረርሽኙ ክፉው ማዕበል የመጣውም በ1918 መጨረሻ ነበር። ስድስቱን በዓይኔ አየሁ፤ ሰባተኛው የዛፍ ጥላ ውስጥ ስለሆነ 8 ነው ብዬ አለፍኩት። ምን ሊሆን ይችላል ሌላ?

አለቃዬ ግን ከቀብር መዝገቡ ሳላመሳክር እንዳልጽፍ አዘዘችኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። አምስቱ ፊት "ኢንፍሉዌንዛ" ይላል። ስድስተኛዋ የሞተችው በወሊድ ነው። ሰባተኛው 1913።

መጀመሪያ በስህተት የጻፍኩት ዓመት፣ ለእሱ ልክ ነበር።

በነጋታው መስታወት ይዤ ሄድኩ። ጥላ ውስጥ ላለ ድንጋይ ፀሐይዋን በመስታወት ከጎን መመለስ ነው፤ ይሄንንም የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። ብርሃኑን አሳለፍኩበት። 3 ነው፣ ጥርት ያለ 3። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ኮምጣጤዬ የበላው ቦታ፣ የሳንቲም ያህል፣ ነጭ ሆኖ ያበራል።